ብንተማመንም እንጻፈው
(ስለ ብድር፣ ሽርክናና ኪራይ በሬድዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ የዝግጅታችን ተከታታዮች! ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችንና በየሱቃችን ስለሚያጋጥመን ጉዳይ ነው። ብድር እንሰጣለን፣ እንበደራለን። ዋስ እንሆናለን። ገንዘብና ጉልበት አዋጥተን በሽርክና እንነግዳለን። ቤት እንከራያለን፣ እናከራያለን። ይህን ሁሉ አብዛኞቻችን የምናደርገው በቃል ነው። «ወንድሜ ነው፣ ጎረቤቴ ነው፣ በአንድ ሶፍ የምንሰግድ ነን፤ እንዴት ወረቀት አምጣ እለዋለሁ?» እንላለን። መጻፍ አለመተማመን ይመስለናል።

ይህ አስተሳሰብ ግን ከዲናችንም ሆነ ከሀገሪቱ ሕግ ጋር አይሄድም። ለምን እንደማይሄድ አንድ በአንድ እንየው።

ሳይካድ የሚጠፋ ሐቅ

ሸጎሌን እንውሰድ። በጉለሌ ክፍለ ከተማ ያለችው ሸጎሌ በከብት ገበያዋ የምትታወቅ ሰፈር ናት። ዐረፋ ሲደርስ በግና በሬ ፈላጊው ይበዛባታል። ከገበያው ዙሪያ ባለ ሱቁ፣ መኖ ሻጩ፣ ደላላው፣ ሻይ ቤት ያላት እናት፣ ቤት አከራዩና ተከራዩ ሁሉም እርስ በርሱ ይተዋወቃል፤ እርስ በርሱም ይበዳደራል።

በእንዲህ ያለ ሰፈር አንድ ሰው ለጎረቤቱ 60,000 ብር አበደረ እንበል። ተበዳሪው በጎች ገዝቶ ለዐረፋ ሊያደልብ ነው። ገንዘቡ የተሰጠው ከዐስር ሰላት በኋላ በመስጂዱ በር ላይ ነው፤ ሦስት ሰዎች አይተዋል። ወረቀት የለም። ከአራት ወር በኋላ ተበዳሪው በድንገት ወደ አኺራ ሄደ። አላህ ይማረው። አበዳሪው ሐዘኑ ጋብ እስኪል ጠብቆ ለባለቤቱና ለልጆቹ ነገራቸው። እነርሱ ግን ስለ ብድሩ የሚያውቁት ነገር የለም። «አባታችን አልነገረንም» አሉ። አልዋሹም፤ በእርግጥም አልነገራቸውም።

እዚህ ላይ ማንም አልካደም፤ ሁሉም ቅን ሰዎች ናቸው። ሆኖም የአበዳሪው ሐቅ ሊጠፋ ነው፤ የሟቹም ዕዳ በጫንቃው ላይ ሊቀር ነው። ስለዚህ የምንጽፈው ወንድማችንን ስለምንጠረጥር አይደለም። ሞት ስላለና መርሳት ስላለ ነው። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

ቁርኣን ምን ያዘናል?

በቅዱስ ቁርኣን ውስጥ ከሁሉም የሚረዝመው አንቀጽ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ነው። የሚናገረውም ስለ ዕዳ ውል ነው። የመልእክቱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው፦ ምእመናን እስከ ተወሰነ ጊዜ ሲበዳደሩ እንዲጽፉት፣ ጸሐፊው በትክክል እንዲጽፍ፣ ቃሉን የሚያጽፈው ዕዳ ያለበት ሰው እንዲሆን፣ እርሱ ማጽፍ የማይችል ከሆነ ጉዳዩን የሚያስተዳድርለት ሰው በፍትሕ እንዲያጽፍለት፣ ምስክሮችም እንዲቆሙ ታዟል። ዕዳው ትንሽም ይሁን ትልቅ ከመጻፍ መሰልቸት እንደማይገባ ተነግሯል። ጸሐፊውም ሆነ ምስክሩ እንዳይጎዱ ተከልክሏል።

ልብ እንበል፤ ትእዛዙ የወረደው የእምነታቸው ነገር ለማይጠረጠረው ሶሐባዎችም ጭምር ነው። መጻፍ የክብር መጉደል ቢሆን ኖሮ ለእነርሱ ባልታዘዘ ነበር።

አንቀጹ አንድ ነገር ለይቷል። እጅ በእጅ የሆነ ንግድ ባይጻፍ ነቀፋ የለበትም። ሸጎሌ ገበያ ላይ ዋጋውን ከፍሎ በጉን እየነዳ የሚሄድ ሰው ውል መጻፍ አይጠበቅበትም። የሀገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም በዚህ ይስማማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይህ ሕግ በቁጥር 1719 እንደሚለው ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በማንኛውም ዓይነት አኳኋን ሊደረግ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ገንዘቡ ወይም ዕቃው ዛሬ ተሰጥቶ ክፍያው ለነገ ሲቀጠር ነው።

ክርክር ቢነሳ ወዴት እንሄዳለን?

«እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ብንጣላ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለን» የሚሉ ወገኖች አሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በሀገራችን የቆየ ታሪክ አላቸው። በ1936 ዓ.ም. የቃዲ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 62 ተደንግገው ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳዮች በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኙ እንደሚችሉ አስፍሯል። ከዚያም በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 የፌደራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በመጀመሪያ ደረጃ፣ በከፍተኛና በጠቅላይ ፍርድ ቤት አደራጅቷቸዋል።

ሥልጣናቸው ግን የታወቀ ወሰን አለው። ኒካሕ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጆች ሞግዚትነትና የቤተሰብ ግንኙነት አንዱ ክፍል ነው። ወቅፍ፣ ሂባ (ስጦታ)፣ ውርስና ኑዛዜ ሌላው ክፍል ነው። በዚህም ላይ የተከራካሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃድ ከሌለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይተላለፋል። መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ሰው ግን እንደ ፈቀደ ይቆጠራል። ስለዚህ መጥሪያ ሲመጣ «አልፈልግም» ብሎ ቤት መቀመጥ አይበጅም፤ ቀርቦ መናገር ነው።

እንግዲህ የንግድ ብድር፣ ሽርክና፣ ዱቤና የሱቅ ኪራይ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። እነዚህ የሚታዩት በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። እዚያ ዳኛው የሚጠይቀው ደግሞ «ማስረጃህ የታለ?» ብሎ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2001 መሠረት «ይገባኛል» የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት።

የ500 ብሩ ወሰን

አሁን ወደ ጎረቤታሞቹ እንመለስ። አበዳሪው ሦስቱን ምስክሮች ይዞ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ምን ይሆናል?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ብድሩ ከ500 ብር በላይ ሲሆን ማስረዳት የሚቻለው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል፣ ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። ሦስቱ ሰዎች በመስጂዱ በር ያዩት እውነት ቢሆንም የምስክርነት ቃላቸው ብድሩን አያስረዳም። የሟቹ ወራሾችም የማያውቁትን ነገር ሊያምኑ አይችሉም።

500 ብር ሕጉ በወጣበት በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ የአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ እንኳ አይሸፍንም። ይህ ማለት ዛሬ «ብድር» ብለን የምንጠራው ገንዘብ በሙሉ ማለት ይቻላል ጽሑፍ ይፈልጋል ማለት ነው።

ወረቀቱ ተጽፎ ከነበረና በቃጠሎ፣ በስርቆት ወይም በሌላ ምክንያት መጥፋቱ ከተረጋገጠ ሕጉ በቁጥር 2003 ሌላ ማስረጃ ለማቅረብ በር ይከፍታል። ከመጀመሪያውም ላልተጻፈ ግን ይህ በር የለም።

ውሉ እንዴት ይጻፍ?

የብድር ውል ረጅም መሆን የለበትም። የሚከተለው ይበቃል፦

«የብድር ውል። አበዳሪ (ሙሉ ስም ከነአያት፣ አድራሻ)። ተበዳሪ (ሙሉ ስም ከነአያት፣ አድራሻ)። እኔ ተበዳሪ ከላይ ከተጠቀሱት አበዳሪ ላይ ብር 60,000 (ስልሳ ሺህ ብር) ዛሬ በ… ቀን … ዓ.ም. ቆጥሬ የተረከብኩ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ገንዘቡን ያለ ምንም ወለድ እስከ … ቀን … ዓ.ም. ድረስ እመልሳለሁ። የተበዳሪ ፊርማ፣ የአበዳሪ ፊርማ። ይህ ውል ሲፈረም የነበሩ ምስክሮች 1ኛ … 2ኛ …።»

ገንዘቡ በአኀዝም በፊደልም ይጻፍ። ሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዳንዱ በየእጃቸው ይቀመጥ። በጽሑፍ እንዲሆን ሕግ ያዘዘው ውል በተዋዋዮቹ መፈረምና በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ እንዳለበት ቁጥር 1727 ያዝዛል። ምስክሮቹ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንዶች ወይም ሴቶች ሊሆኑ ይችላሉ። የቁርኣኑን አንቀጽ ለመፈጸም የምትፈልጉ ደግሞ ሁለት ወንዶች፣ ወይም አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች አቁሙ፤ በዚህ ሁለቱም ይሟላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ቤት ውስጥ የጣት አሻራውን ቢያደርግ በቁጥር 1728 መሠረት አይገደድበትም። አሻራው ወይም ፊርማው ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሹም ወይም በዳኛ ፊት መረጋገጥ አለበት። እናቶቻችንና አባቶቻችን ባሉበት ውል ሁሉ ይህ ይታሰብ። ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» እያለ የሚጠራው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት አንዱ ሥራው ይህ ነው። የቤት ሽያጭም በመንደር ወረቀት የሚያልቅ አይደለም። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ውክልናም እንደዚሁ በዚያው መሥሪያ ቤት ይረጋገጣል።

ከራፖር ጸሐፊ ዘንድ ስንሄድ

ውሉን ራፖር ጸሐፊ ዘንድ የምናጽፍ ከሆነ ሳናነብ አንፈርም። ጸሐፊዎቹ ለሁሉም ሰው የሚጠቀሙበት የተለመደ መዝጊያ አላቸው። «ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731፣ 1889 እና 2005 መሠረት የጸና ነው» ይላል። ቁጥሮቹ ምን ማለት ናቸው?

1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ያስገድዳል ማለት ነው። 2005 የተፈረመ ጽሑፍ በፈራሚዎቹ መካከል ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ነው ማለት ነው። እነዚህ ችግር የለባቸውም። 1889 ግን ስለ ገደብ ነው። ውሉን ያላከበረ ሰው ይህን ያህል ብር ይከፍላል ተብሎ አስቀድሞ የሚወሰን መቀጫ ማለት ነው። ዕዳውን ስላዘገየ ብቻ ለአበዳሪው የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ ወደ ሪባ በር የሚከፍት ነውና ከመፈረማችን በፊት ዑለሞችን እንጠይቅ። የማንፈልገውን ቃል ጸሐፊው እንዲያወጣው ማዘዝ መብታችን ነው።

ስለ ወለድም እንዲሁ። ሕጉ በቁጥር 2478 ካልተስማሙ በቀር ተበዳሪው ወለድ የመክፈል ግዴታ የለበትም ይላል። ስለዚህ ሙስሊም ቤተሰብ ከሪባ ለመራቅ ሕጉ አያግደውም። ይሁንና «ያለ ወለድ» የሚለው ቃል በግልጽ ቢጻፍ በኋላ ከሚነሳ ንትርክ ያድናል። 50,000 ሰጥቶ 65,000 አበደርኩ ብሎ የሚያጽፍ ሰው ደግሞ ሁለት ጥፋት ያጠፋል፤ አራጣ ይበላል፣ ምስክሮቹንም የሐሰት መስካሪ ያደርጋል። አራጣ በሀገሪቱ የወንጀል ሕግም ያስቀጣል።

ስንመልስም እንጻፍ

ስንበደር የምንጽፍ ብንኖር እንኳ ስንመልስ የምንጽፍ ጥቂቶች ነን። የብድሩ ወረቀት በአበዳሪው እጅ እያለ ገንዘቡን በእጅ ሰጥቶ «በረከላሁ ፊክ» ተባብሎ መለያየት አደገኛ ነው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር መመለሱን ለማስረዳትም ሕጉ የሚጠይቀው ያንኑ ዓይነት ማስረጃ ነው። አበዳሪው ቢሞትና ወራሾቹ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ቢያገኙት ተበዳሪው ሁለት ጊዜ ሊከፍል ይችላል። ወራሾቹም ሳያውቁ የማይገባቸውን ይበላሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሙሉውን ሲመልሱ ዋናውን ወረቀት መቀበል፣ በላዩም «ተከፍሏል» አስብሎ ማስፈረም። በከፊል ሲከፍሉ በየጊዜው ደረሰኝ መቀበል። በባንክ ወይም በቴሌብር ሲልኩ የክፍያውን ምክንያት መጻፍ። የባንክ ወረቀት ገንዘቡ መተላለፉን እንጂ ለምን እንደተላለፈ አይናገርም። «የብድር ክፍያ» የሚሉ ሁለት ቃላት ብዙ ክርክር ያስቀራሉ።

አበዳሪም ጊዜውን ይወቅ። ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር ከውል የሚመነጭ መብት በ10 ዓመት ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። ይህ የሕጉ ነው። በአላህ ዘንድ ግን የሰው ሐቅ በይርጋ አይቀርምና ተበዳሪ በዚህ አይዘናጋ።

ዋስ መሆንና ቼክ መስጠት

ዋስትና ትልቅ ኃላፊነት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ የተደረገ መሆን እንዳለበትና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ የማይጸና መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ «ለሚያጠፋው ሁሉ ዋስ ነኝ» ብሎ መፈረም ለሁለቱም ወገን አይጠቅምም። እስከ ስንት ብር እንደሆነ ይጻፍ። ዋሱም ያ ገንዘብ ከኪሱ ቢወጣ ልጆቹ ጦም እንደማያድሩ አስቦ ይፈርም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ለመያዣ ተብሎ የሚሰጥ ቼክ ነው። አበዳሪው «ቀኑን ሳትጽፍ ፈርመህ ስጠኝ፣ ገንዘቤን ስትመልስ እመልስልሃለሁ» ይላል። ተበዳሪውም ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ሳይኖር ይፈርማል። ቼክ ግን የመክፈያ ሰነድ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 መሠረት በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ አውቆ ማውጣት እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል። የብድር ጉዳይ የነበረው ወደ ወንጀል ይለወጣል ማለት ነው። መያዣ የሚያስፈልግ ከሆነ ቁርኣን በ283ኛው አንቀጽ ያመለከተን ረህን አለ፤ ንብረት በመያዣነት መስጠትን የሀገሪቱም ሕግ ያውቀዋል።

ሱቅና ሽርክና

አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ ሌላው ይሠራል። ይህ ሙዷረባ ነው፤ ነብያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) የሚያውቁት የንግድ ዓይነት ነው። ጠቡ የሚመጣው ትርፍ ሲገኝ ወይም ኪሳራ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት እነዚህ ይጻፉ፦ ማን ስንት አወጣ? ትርፉ በምን ድርሻ ይከፈላል? ኪሳራ ቢመጣ በማን ላይ ይወድቃል? ሒሳብ በየስንት ጊዜ ይታያል? ንግድ ፈቃዱ በማን ስም ነው? አንዱ ቢሞት ወይም ልውጣ ቢል ምን ይደረጋል?

በተለይ የፈቃዱ ጉዳይ ይታሰብበት። ሱቁን ሁለት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ከፍተውት ፈቃዱ በአንዱ ስም ብቻ ከሆነና ወረቀት ከሌለ ሌላው ሸሪክ ስለ መሆኑ የሚያሳየው ነገር የለውም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243) የ1952ቱን ሕግ በከፊል ተክቶ ለነጋዴ ተጨማሪ አማራጮችን አምጥቷል። አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊያቋቁም ይችላል። ንግዳችሁ እያደገ ከሆነ የቤታችሁን ንብረት ከንግዱ ዕዳ ለመለየት ምን እንደሚሻል የሕግ ባለሙያ አማክሩ።

የዱቤ ደብተርም ውል ነው። ባለ ሱቁ ብቻውን የሚጽፈው ደብተር የራሱ ቃል ብቻ ነው። ደንበኛው በየወሩ ድምሩን አይቶ ቢፈርምበት ግን ማስረጃ ይሆናል።

ሱቅ ውስጥ አንድ ሠራተኛ የቀጠረ ሰውም አሠሪ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት የሚገልጽ ጽሑፍ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። የሙከራ ጊዜም ቢሆን በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። የዘመድ ልጅ ስለሆነ ብቻ ደመወዙ ሳይነገረው ዓመት ማሠራት የሠራተኛን ሐቅ መድፈር ነው።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዟል። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም። አከራይ ከሁለት ወር የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ከሚያስታውቀው ውጪ አይደረግም። በቃል የተከራየ ቤተሰብ ይህን መብቱን ለማስከበር ይቸገራል፤ ያላስመዘገበ አከራይም ለቅጣት ይጋለጣል። ይህ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት ብቻ ነው። የሱቅ ኪራይ በተዋዋዮቹ ውል የሚተዳደር ስለሆነ ዘመኑን፣ ዋጋውንና የሚለቁበትን ማስጠንቀቂያ አጥብቆ መጻፍ የበለጠ ያስፈልገዋል።

ባልና ሚስት

እህቶቻችን ወርቃቸውን ሸጠው ለባላቸው ሱቅ መነሻ የሚሰጡበት ጊዜ ብዙ ነው። መህርም ሆነ ወርቅ የሴቷ የራሷ ሐቅ ነው። ብድር ነው ወይስ ሽርክና ወይስ ስጦታ? ይህ በቤት ውስጥ በግልጽ ይነገር። ግን አንድ ነገር ይታወቅ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 73 በባልና ሚስት መካከል በትዳር ወቅት የሚደረግ ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም ይላል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል የተጻፈ ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

በሌላ በኩል አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ዋስ ለመሆን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ይህን ብዙ አባወራ አያውቅም። አበዳሪ ከሆናችሁ የተበዳሪው ባለቤት እንድትፈርም ጠይቁ። ተበዳሪ ከሆናችሁ ደግሞ ለባለቤታችሁ ሳትነግሩ አትበደሩ። ከላይ ያየነው የሟቹ ቤተሰብ ጭንቀት ያኔ ባልመጣም ነበር።

ሽማግሌ ሲገባ

በሰፈራችን ጠብ ሲነሳ የመስጂዱ ኢማምና ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ። ይህ ኸይር ሥራ ነው፤ ጊዜና ወጪም ይቆጥባል። ሀገሪቱም በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1237 የግልግል ዳኝነትንና ዕርቅን የሚመለከት ሕግ አውጥታለች። ነገር ግን «በፋቲሓ ተዘግቷል» ተብሎ ብቻ የሚበተን ሽምግልና ከዓመት በኋላ እንደ አዲስ ይነሳል። ማን፣ ለማን፣ ስንት፣ መቼ እንደሚከፍል ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ይፈርሙ።

ከዛሬ ማታ እንጀምር

ውድ አድማጮቻችን! አንድ ሰው ሲሞት ከንብረቱ ላይ ከቀብር ወጪ ቀጥሎ ዕዳው ይከፈላል፤ ከዚያም ወሲያው እስከ ሲሶ ድረስ ይፈጸማል፤ የተረፈው ለወራሾች ይከፋፈላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም በቁጥር 1014 ዕዳን ከኑዛዜ ስጦታ በፊት ያስቀድማል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሚናዘዘው ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያው ሳይጻፍ ሌሊቶችን እንዳያሳልፍ መክረዋል። በዕዳ ጉዳይም እጅግ ያስጠነቀቁ ነበሩ፤ ዕዳ ጥሎ በሞተ ሰው ላይ፣ ዕዳውን የሚሸከምለት ሳይገኝ፣ ከመስገድ የተቆጠቡበት ጊዜ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ደብተር ይከፈት። በአንዱ ገጽ «እኔ ያለብኝ» ተብሎ ይጻፍ፤ በሌላው ገጽ «ሌሎች ያለባቸው»። ስም፣ መጠን፣ ቀን። ደብተሩ ብቻውን ፍርድ ቤት አያሸንፍም፤ ቤተሰቡ ግን የማንን ሐቅ እንደሚመልስና ማንን እንደሚጠይቅ ያውቅበታል። የት እንደተቀመጠ ለባለቤታችሁ ወይም ለትልቁ ልጅ ንገሩ። ከዚያ ወረቀት ወደሌላቸው ብድሮች ሂዱና ከባለ ጉዳዩ ጋር ተቀምጣችሁ ጻፉ። «ስላላመንኩህ አይደለም፤ አላህ ስላዘዘንና ነገ ማን እንደሚቀድም ስለማናውቅ ነው» በሉት። ቅን ሰው በዚህ አይቆጣም። እንዲያውም ከእናንተ በፊት እስክሪብቶውን የሚያነሳው እርሱ መሆን አለበት፤ ቁርኣን ማጻፉን ለባለ ዕዳው የሰጠው በከንቱ አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ.) ከዕዳ ሸክም ይጠብቀን፤ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፤ የሰው ሐቅ በአንገታችን ሳይኖር ወደ እርሱ የምንመለስ ያድርገን። አሚን።